የ50 ዓመት ንፋስና ሞገድ በጣና ላይ፦ ስለ ውሃ ላይ የንፋስ ተርባይን ንድፍ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በባሕር ዳር ምህንድስና የሚማሩ ወጣቶች፣ የጀልባ ባለቤቶችና ስለ ንፋስ ኃይል መከራከር የሚወዱ ወዳጆች ደጋግመው የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤአለሁ። ምሳሌዎቹን ጣና ላይ ያደረግኋቸው ሐይቁ ደጃችን ስለሆነ ብቻ አይደለም። በመማሪያ መጻሕፍት የምናገኘው አብዛኛው ስሌት የተፈተነው በሰሜን ባሕር ነው። ጣና ላይ ስናመጣው የትኛው ክፍል እንደሚጸናና የትኛው እንደሚፈርስ ማየት ዘዴውን ለመረዳት ጥሩ መንገድ ነው። የንፋስ ፍጥነት ሁሉ በሜትር በሴኮንድ ተሰጥቷል፤ በሰዓት ኪሎ ሜትር የለመደ አንባቢ በ3.6 ያባዛ።

ጣና ላይ ተርባይን ሊተከል ነው እንዴ?

ጣና ላይ ተርባይን የለም፤ እኔም እንዲተከል አልመክርም። ሐይቁ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ተመዝግቧል፤ ደሴቶቹ ጥንታውያን ገዳማትን ይዘዋል፤ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ የዓሣ ዝርያዎችም አሉት። አዳማና አሸጎዳን የመሰለ ንፋሻማ የብስ ያላት አገር ውሃ ውስጥ መሠረት የምትቀብርበት ምክንያት አይታየኝም።

ይሁን እንጂ በሐይቅ ውስጥ ተርባይን መትከል ተረት አይደለም። የመጀመሪያው የባሕር ላይ የንፋስ ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1991 በዴንማርክ ቪንደቢ ተተከለ፤ 11 ተርባይኖች ነበሩት፤ በ2017 ተነቀለ። ስዊድን በቬነርን ሐይቅ ላይ 10 ተርባይኖች አሏት። ኔዘርላንድስ ደግሞ በአይሰልሜር ሐይቅ 89 ተርባይኖችን አቁማ ወደ 383 ሜጋ ዋት የሚደርስ ጣቢያ ሠርታለች። የእኛ አዳማ አንድና ሁለት የንፋስ ጣቢያዎች ከአሸጎዳ ጋር ተደምረው 324 ሜጋ ዋት መሆናቸውን ያስታውሱ። አይሰልሜርም እንደ ጣና ጥልቀት የሌለው ጨዋማ ያልሆነ ውሃ ነው።

ተርባይን ባይኖርም ስሌቱ ሥራ አይፈታም። ለጀልባ ማቆሚያ፣ ለውሃ ፓምፕ ጣቢያ፣ በውሃ ላይ ለሚንሳፈፍ የፀሐይ ኃይል ጣቢያም የሚጠየቀው ጥያቄ ያው ነው፦ ከሚመጣው ሁሉ የከፋው ንፋስና ሞገድ ስንት ነው?

«የ50 ዓመት ንፋስ» ማለት በ50 ዓመት አንድ ጊዜ የሚመጣ ንፋስ ነው?

በአማካይ አዎን፤ በቀጠሮ ግን አይደለም። ትክክለኛው ትርጉም «በማንኛውም ዓመት ውስጥ የመታለፍ ዕድሉ 2 በመቶ የሆነ የንፋስ ፍጥነት» ነው። አምና ቢመጣ ዘንድሮም ዕድሉ ያው 2 በመቶ ነው። «ባለፈው ክረምት ዋናው ስላለፈ አሁን ዕረፍት አለን» የሚል ሰው ከዕድል ጋር ውል የተፈራረመ ይመስለዋል።

ተርባይን አብዛኛውን ጊዜ ለ25 ዓመት ያህል ይነደፋል። በእያንዳንዱ ዓመት ያለመታለፉ ዕድል 0.98 ነው፤ ይህን 25 ጊዜ በራሱ ብናባዛው 0.60 ገደማ እናገኛለን። ስለዚህ በዕድሜው ውስጥ የ50 ዓመቱ ንፋስ ቢያንስ አንድ ጊዜ የመታለፍ ዕድሉ 40 በመቶ ያህል ነው። በ50 ዓመት ውስጥም ቢሆን 64 በመቶ እንጂ 100 አይደለም።

እዚህ ላይ ተማሪዎች ይደነግጣሉ፤ 40 በመቶ የመውደቅ ዕድል ያለው ማማ ማን ይተክላል? ማንም። የ50 ዓመቱ ዋጋ የመውደቂያ መስመር ሳይሆን የስሌት መነሻ ነው። ከእሱ የሚገኘው ጫና በተለመደው የከፋ ሁኔታ በ1.35 ይባዛል፤ የብረቱና የአፈሩ ጥንካሬ ደግሞ በሌላ ቁጥር ተቀንሶ ይወሰዳል። በሁለቱ መካከል የሚቀረው ክፍተት ነው ማማውን የሚያቆመው።

መስፈርቱ ራሱ ምን ይላል?

ዋናው ሰነድ የዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን 61400 ተከታታይ መስፈርት ነው፤ ክፍል 1 ለሁሉም ተርባይን፣ ክፍል 3-1 መሠረታቸው ከወለል ጋር ለተተከለ የባሕር ተርባይኖች። ተርባይኖች በሦስት ዋና መደብ ይከፈላሉ። የ50 ዓመት ንፋሳቸው፣ በ10 ደቂቃ አማካይና በተርባይኑ ማዕከል ከፍታ ላይ ሲለካ፣ 50፣ 42.5 እና 37.5 ነው። ለሐሩር ክልል አውሎ ንፋስ 57 የሆነ ተጨማሪ መደብ አለ። የ3 ሴኮንዱ ቅጽበታዊ ንፋስ ከ10 ደቂቃው 1.4 እጥፍ ተደርጎ ይታሰባል፤ የሦስተኛው መደብ ተርባይን እንግዲህ 52.5 የሚደርስ ቅጽበታዊ ንፋስ መቋቋም አለበት።

እነዚህ ቁጥሮች ተርባይኑን ለመግዛት ይረዳሉ። መሠረቱ ግን የሚነደፈው ለዚያ ቦታ በተሰላ ንፋስ፣ ሞገድ፣ የውሃ ከፍታና ጅረት ነው። ውሃ ውስጥ ለቆመ ነገር ከሠንጠረዥ የሚቀዳ መሠረት የለም።

በጣና ላይ ከባዱ ንፋስ ከየት ይመጣል?

ሌሎቹ መልሶች ሁሉ የሚንጠለጠሉት በዚህኛው ላይ ነው።

በሰሜን ባሕር ከባድ ንፋስ የሚያመጡት በመቶዎች ኪሎ ሜትር የሚሰፉ፣ በአውሮፓ የብርድ ወራት የሚመጡ ማዕበሎች ናቸው። ለብዙ ሰዓታት፣ አንዳንዴም ለአንድ ቀንና ከዚያ በላይ ከአንድ አቅጣጫ ይነፍሳሉ። ንፋሱ ሲበረታ ሞገዱም አብሮ ይበረታል። የመማሪያ መጻሕፍቱ ዘዴ በዚህ ላይ የቆመ ነው።

ጣና ላይ ሁለት የተለያዩ ንፋሶች አሉ። አንዱ በየቀኑ የሚመጣው ነው፤ ፀሐይ የብሱን ስታሞቅ ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ ወደ ዳር የሚነፍሰው፣ ከወቅቱ ንፋስ ጋር ሲገጥምም ውሃውን የሚያናውጠው። ገዳማትን ለመጎብኘት ጠዋት በጸጥታ የሄደ እንግዳ ሲመለስ በጀልባው ጠርዝ ላይ ውሃ የሚረጨው ይህ ነው። ሁለተኛው ከነጎድጓድ ደመና የሚወርደው ነው። በዝናብና በበረዶ የቀዘቀዘ አየር ከደመናው ቁልቁል ይወድቅና መሬት ወይም ውሃ ሲነካ ወደ ጎን ይፈነዳል። ወጨፎ ይዞ ይመጣል፤ ቆርቆሮ ይገነጥላል፤ ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ሰዓት በላይ አይቆይም። በክረምት ወራት በሐይቁ ላይ ነጎድጓዱ ሌሊት መምጣት ይወዳል፤ በዙሪያው ባሉ ተራሮች ላይ ግን ከሰዓት በኋላ ነው።

ከፍተኛው ቅጽበታዊ ንፋስ የሚጠበቀው ከሁለተኛው ነው። ከፍተኛው ሞገድ ግን ከመጀመሪያው ዓይነት፣ ረጅም ሰዓት ከሚነፍሰው። የጣና ከባድ ንፋስና ከባድ ሞገድ ቀጠሮ የላቸውም።

በስሌት ረገድ ውጤቱ ይህ ነው፦ ሁለቱን ንፋሶች በአንድ ከረጢት ጨምሮ አንድ ኩርባ መሳል ስህተት ነው። በአብዛኛው ዓመት ከፍተኛ ሆኖ የሚመዘገበው የቀን ተቀኑ ንፋስ ቢሆን እንኳ የ50 ዓመቱን የሚወስነው ነጎድጓዱ ሊሆን ይችላል። ተለያይተው ይተነተኑ፤ ከዚያም ሁለቱም ያለመታለፋቸው ዕድል ተባዝቶ ይጣመር።

ከመለኪያ መረጃ ተነስቶ የ50 ዓመቱ ዋጋ እንዴት ይሰላል?

ቀላሉ መንገድ የየዓመቱን ከፍተኛ ንፋስ መልቀም ነው። 20 ዓመት መረጃ ካለ 20 ቁጥር ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1928 ፊሸርና ቲፔት የተባሉ ሁለት የሒሳብ ሰዎች እንዲህ ያሉ ከፍተኛ ቁጥሮች፣ መነሻቸው ምንም ቢሆን፣ ከሦስት የስርጭት ቅርጾች ወደ አንዱ እንደሚጠጉ አሳዩ። ለንፋስ አብዛኛውን ጊዜ የሚመረጠው በጉምቤል ስም የሚጠራው ነው።

ለጉምቤል የ50 ዓመት ዋጋ በግርድፉ «አማካይ ሲደመር 2.59 ጊዜ መደበኛ ልዩነት» ነው፤ መደበኛ ልዩነት ቁጥሮቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚበተኑ የሚያሳይ መለኪያ ነው። ለልምምድ ያህል የየዓመቱ ከፍተኛ ንፋስ አማካይ 17፣ መደበኛ ልዩነቱ 2 ነው እንበል (ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያህል እኔ የመረጥኋቸው ናቸው)። የ50 ዓመቱ 22.2 ይሆናል። ተማሪው እዚህ ላይ እርሳሱን ያስቀምጣል። መሐንዲሱ ግን አንድ ጥያቄ ይቀረዋል፦ ይህን ስንት ዓመት ለክተን አገኘነው?

የ10 ዓመት መረጃ ከሆነ የግምቱ መደበኛ ስህተት ከ2.1 ያላነሰ ነው። ስለዚህ እውነተኛው ዋጋ በ18 እና በ26 መካከል የትም ሊሆን ይችላል። የንፋስ ጫና የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ስለሆነ 26.4 ከ22.2 ጋር ሲነጻጸር ጫናው 40 በመቶ ይበልጣል። መረጃው 40 ዓመት ቢሆን ስህተቱ በግማሽ ይቀንስ ነበር። በሪፖርት ላይ «22.2» ብሎ ብቻውን የሚጽፍ ሰው አላምንም፤ ወሰኑን አብሮ ይጻፍ።

ዓመቱን የት እንቁረጠው የሚለውም ቁም ነገር ነው። የሰሜን ባሕር ማዕበል ከጥቅምት እስከ መጋቢት ስለሆነ በጥር መጀመሪያ የሚቆርጥ ሰው አንዱን ወቅት ለሁለት ይከፍላል፤ ስለዚህ ብዙዎች ዓመቱን በአውሮፓ የሙቀት ወራት ይቆርጡታል። ለእኛ ነገሩ ይገለበጣል። የነጎድጓዱ ወቅት ከሚያዝያ አካባቢ እስከ መስከረም ስለሚዘልቅ ዓመቱን በመስከረም 1 መቁረጥ የወቅቱን ጅራት ለሌላ ዓመት መስጠት ነው። በታኅሣሥ ወይም በጥር፣ ሰማዩ በጠራበት ጊዜ፣ መቁረጥ ይሻላል። የፈረንጆች ዓመት በአጋጣሚ ለዚህ ይመቻል።

መረጃው አጭር ከሆነ ሌላ መንገድ አለ፤ ከአንድ ወለል፣ ማለትም ከመረጥነው ዝቅተኛ ፍጥነት፣ በላይ የወጣውን ንፋስ ሁሉ መውሰድ። በዓመት አንድ ከመልቀም ይልቅ አምስት ወይም ስድስት ይገኛል። ሁለት ነገር ግን ይጠበቅ። አንዱ ነጎድጓድ የወለዳቸውን ሦስት ጫፎች እንደ ሦስት ማዕበል መቁጠር አይገባም፤ ከመካከላቸው ትልቁ ብቻ ይቀራል። ወለሉም ከፍ ዝቅ ተደርጎ ይሞከር፤ ውጤቱ ከወለሉ ጋር የሚዋልል ከሆነ ገና አልበሰለም።

የረጅም ጊዜ መለኪያ ከሌለን ከኢንተርኔት የሚገኘው የአየር ዳግም ትንተና አይበቃም?

ዳግም ትንተና ያለፈውን አየር ከልኬቶችና ከኮምፒውተር ሞዴል አጣምሮ እንደገና የሚያሰላ ነው። ለቀን ተቀኑ ንፋስ ይረዳል፤ ለነጎድጓዱ አይረዳም።

የአውሮፓ የመካከለኛ ጊዜ የአየር ትንበያ ማዕከል ኢአርኤ5 የሚባል መረጃ በነጻ ይሰጣል፤ ከ1940 ጀምሮ በየሰዓቱ፣ ዓለምን በ31 ኪሎ ሜትር ገደማ ካሬ ከፋፍሎ። ትልቅ ሀብት ነው። ጣና ግን ቁመቱ 84፣ ወርዱ 66 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሐይቁ በጥቂት ካሬዎች ውስጥ ያልቃል፤ አንዳንዱ ካሬ ግማሹ ውሃ፣ ግማሹ ኮረብታ ነው። አምስት ኪሎ ሜትር የሚሰፋ የነጎድጓድ ፍንዳታ በእንዲህ ያለ ወንፊት ውስጥ አልፎ ይወድቃል። ሞዴሉ ጫፎችን ስለሚያለሰልስ ከባዱን ንፋስ አሳንሶ ያሳያል፤ የ80 ዓመት ለስላሳ መረጃም ለስላሳ የ50 ዓመት ዋጋ ይሰጣል። ርዝመቱ አያታልል።

ተገቢው አሠራር አንድ ወይም ሁለት ዓመት በቦታው ለክቶ ከረጅሙ መረጃ ጋር ማዛመድ፣ ከዚያም ረጅሙን ማረም ነው። ለዓመታዊ አማካይ ይህ ጥሩ ይሠራል። ለከፍተኛ ንፋስ ግን ዝምድናው ጫፍ ላይ ሲደርስ ይላላል።

የአውሮፕላን ማረፊያን ንፋስ ወደ ሐይቁ መሐል፣ ከ10 ሜትር ወደ 100 ሜትር እንዴት እናሻግረው?

በመጀመሪያ መለኪያው ምን እንደለካ ይጠየቅ። 10 ሜትር ላይ ነው ወይስ ለእርሻ ስሌት እንደሚደረገው 2 ሜትር ላይ? የ10 ደቂቃ አማካይ ነው ወይስ የቀን? በሰዓት አንዴ ብቻ የሚያነብ ጣቢያ በ9 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ጀምሮ በ9 ሰዓት ተኩል ያለቀን ማዕበል አላየውም፤ ለእሱ ያ ቀን ጸጥ ያለ ነበር።

ከዚያ ከፍታው ይስተካከላል። መስፈርቱ ለከፍተኛ ንፋስ የከፍታን ጥምርታ 0.11 ወደሆነ ኃይል ያነሳል፤ ከ10 ወደ 100 ሜትር ሲወጣ ፍጥነቱ በ1.29 ይባዛል ማለት ነው። ለተለመደ የባሕር ንፋስ 0.14 ይወሰዳል፤ ማባዣው 1.38 ነው። የነጎድጓድ ፍንዳታ ግን ይህን ሕግ አያከብርም። ከፍተኛ ፍጥነቱ ብዙውን ጊዜ ከ50 እስከ 100 ሜትር ባለው ከፍታ ላይ ሆኖ ከዚያ በላይ ይቀንሳል። የክንፉ የታችኛው ጫፍ ከላይኛው የበለጠ ሊመታ ይችላል።

በጣና ላይ ሞገድ እስከ ስንት ሜትር ሊደርስ ይችላል?

ሦስት ነገሮች ይወስናሉ፦ ንፋሱ በውሃ ላይ የሚንደረደርበት ርቀት፣ የሚነፍስበት ጊዜና የውሃው ጥልቀት። እስኪ በቁጥር እንየው። እነዚህም የልምምድ ቁጥሮች ናቸው እንጂ የልኬት ውጤት አይደሉም።

ከጎርጎራ እስከ ባሕር ዳር ቀጥታው 70 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ደቅ ደሴት መሐል ላይ ስላለች፣ ዘጌም የባሕር ዳርን ባሕረ ሰላጤ ከምዕራብ ስለምትከልል፣ መንደርደሪያውን 60 ኪሎ ሜትር እንበለው። ንፋሱ 20 ይሁን። እ.ኤ.አ. በ1973 ከሰሜን ባሕር ልኬት በወጣው ጆንስዋፕ በሚባለው ዝምድና መሠረት፣ ውሃው ጥልቅ ቢሆን ኖሮ ጉልህ የሞገድ ከፍታው (ትርጉሙ በሚቀጥለው ጥያቄ አለ) ወደ 2.5 ሜትር ይደርስ ነበር።

ጣና ግን ጥልቅ አይደለም። አማካይ ጥልቀቱ 8 ወይም 9 ሜትር፣ ከፍተኛው 14 ሜትር ገደማ ነው። ረዘም ያለው ሞገድ ወለሉን ይነካና ጉልበቱን እዚያ ይጥላል። ጥልቀትን የሚጨምረውን ቀመር በ8 ሜትር ስናሰላው ከፍታው ወደ 1.6 ሜትር ይወርዳል።

ጊዜውን ደግሞ እንይ። በዚያ ንፋስ ሞገዱ 60 ኪሎ ሜትሩን ሙሉ ተጠቅሞ ለማደግ 5 ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ከነጎድጓድ የመጣው 20 ግን ለግማሽ ሰዓት ብቻ ቢነፍስ፣ ከጸጥተኛ ውሃ ተነስቶ የሚያሳድገው ሞገድ ግማሽ ሜትር እንኳ አይሞላም። በሌላ በኩል 12 የሆነ ንፋስ ቀኑን ሙሉ ቢነፍስ ከ1 ሜትር በላይ ያነሳል። ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው የትኛውን የበለጠ እንደሚፈራ መገመት አያዳግትም፤ ለተርባይኑ ማማ ግን የሚያስፈራው የመጀመሪያው ነው።

ከዚህ የሚወጣ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። የሞገድ ከፍታን በጉምቤል ኩርባ ወደ 50፣ 100፣ 500 ዓመት ስንዘረጋ ቀመሩ ማቆሚያ አያውቅም። ሐይቁ ግን ያውቃል። ጥልቀትና መንደርደሪያ ጣሪያ ያበጃሉ፤ ነጠላ ሞገድ ከጥልቀቱ 0.78 ያህል ሲደርስ ይሰበራል። ኩርባው ከጣሪያው በላይ ከወጣ የሚጣለው ኩርባው ነው። ስለዚህ በሐይቅ ላይ ንፋሱን በስታቲስቲክስ፣ ሞገዱን ደግሞ በፊዚክስ ማስላት ይሻላል፤ ማለትም የ50 ዓመቱን ንፋስ ከየአቅጣጫው ወስዶ እንደ ስዋን ባለ የሞገድ ሞዴል ውስጥ ማስገባት። ስዋን በኔዘርላንድስ ዴልፍት የተሠራ፣ በነጻ የሚገኝና ጥልቀት ለሌለው ውሃ የታሰበ ነው።

ጉልህ የሞገድ ከፍታና ትልቁ ሞገድ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ጉልህ ከፍታ ከሁሉም ሞገዶች የአንድ ሦስተኛዎቹ ትላልቆች አማካይ ነው። ትልቁ ነጠላ ሞገድ ከዚያ ይበልጣል። በሦስት ሰዓት ውስጥ 1,000 ሞገዶች ቢያልፉ ትልቁ 1.86 እጥፍ ይሆናል ተብሎ ይጠበቃል። አንዳንዴ ከዚያም ያልፋል፤ እ.ኤ.አ. በጥር 1 ቀን 1995 በሰሜን ባሕር ድራውፕነር መድረክ ላይ የተለካው ሞገድ 25.6 ሜትር ነበር፤ በዚያ ሰዓት ጉልህ ከፍታው 12 ሜትር ገደማ ነበር። ለጣና 1.6 ሜትር ስንል እንግዲህ 3 ሜትር የሚደርስ ነጠላ ሞገድ ልናስብ ይገባል።

የ50 ዓመቱን ንፋስና የ50 ዓመቱን ሞገድ አንድ ላይ መጫን አይበቃም? ጥንቃቄ ነው እኮ።

ጥንቃቄ ነው፤ ውድ ጥንቃቄ። በሰሜን ባሕር ሁለቱ ስለሚዛመዱ ብክነቱ ብዙ አይደለም። ጣና ላይ ግን በተለያየ ቀን የሚመጡ ሁለት ጠላቶችን አብረው እንደሚመጡ ቆጥሮ መታጠቅ ነው።

የተሻለው መንገድ የጋራ ወሰን መሳል ነው። በአንድ ዘንግ ንፋስ፣ በሌላው የሞገድ ከፍታ ይቀመጥና የ50 ዓመት ዕድል ያላቸው ጥምረቶች ሁሉ በአንድ ኩርባ ይገናኛሉ። ንድፉ በኩርባው ላይ ባሉ በርካታ ነጥቦች ይፈተሻል፦ ብርቱ ንፋስ ከትንሽ ሞገድ ጋር፣ መካከለኛ ንፋስ ከትልቅ ሞገድ ጋር፣ በመካከል ያሉትም። መካከለኛው አይናቅ። ተርባይን ብዙውን ጊዜ በ25 ሥራ ያቆማል፤ ከዚያ በታች ግን ክንፎቹ እየዞሩ ንፋሱን ስለሚገፉ ማማውን የሚያጎብጠው ጫና ከቆመው ተርባይን ሊበልጥ ይችላል። ከፍተኛው ንፋስ ሁልጊዜ ከፍተኛውን ጫና አያመጣም።

የጣና ኩርባ እንደ ሰሜን ባሕሩ የተዘረጋ ሞላላ አይሆንም። ሁለት ቅርንጫፍ ይኖረዋል፣ አንዱ ለነጎድጓድ፣ አንዱ ለረጅሙ ንፋስ። አንድ ለስላሳ ኩርባ የሚያስተላልፍ ሶፍትዌር በሁለቱ መካከል ያልነበረ ሁኔታ ይፈጥራል።

የውሃው ከፍታስ ይቆጠራል?

ይቆጠራል። ጣና በሰኔ አካባቢ ዝቅ ይላል፤ በመስከረምና በጥቅምት ይሞላል። እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮም የጨረጨራ ግድብ መውጫውን ይቆጣጠራል። ሲሞላ ሞገዱ ለማደግ ትንሽ ተጨማሪ ጥልቀት ያገኛል፤ የሚመታበት ቦታም ከፍ ይላል።

ንፋሱ ራሱም ውሃውን ወደ አንድ ዳር ይገፋዋል። ጥልቀት በሌለው ሐይቅ ይህ ይበረታል፤ ለረጅም ሰዓት በሚነፍስ 20 ንፋስ ከዳር እስከ ዳር የግማሽ ሜትር ገደማ የከፍታ ልዩነት በስሌት ይወጣል። ንፋሱ ሲቆም ውሃው ወዲያና ወዲህ ይዋልላል፤ አንዱ ውልውላ ለጣና 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ይህን ቀላል አድርጎ የሚያይ ሰው እ.ኤ.አ. በ1928 በፍሎሪዳ ኦኪቾቢ ሐይቅ የሆነውን ያንብብ፤ አውሎ ንፋስ ጥልቀት የሌለውን ሐይቅ ገፍቶ ግድቡን አሻገረውና ከ2,000 በላይ ሰው አለቀ። ጣና ላይ እንዲህ ያለ አውሎ ንፋስ አይደርስም፤ ውሃው የሚገፋበት ሕግ ግን አንድ ነው።

ከፍታችን በስሌቱ ላይ ለውጥ ያመጣል?

አዎን፤ ለእኛ የሚያደላ ለውጥ ነው። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,790 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ አየሩ በ20 በመቶ ያህል ይሳሳል። የንፋስ ግፊት ከአየር ክብደት ጋር ስለሚሄድ እዚህ 42 የሚነፍስ ንፋስ የሚገፋው በባሕር ጠለል 37.5 እንደሚነፍሰው ነው። ሞገድ የሚያነሳበት ጉልበትም በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ ከላይ የሰጠኋቸው የሞገድ ቁጥሮች በባሕር ጠለል ከተገኘ ቀመር ስለወጡ በጥቂቱ የተጋነኑ ናቸው። የሚመነጨው ኤሌክትሪክም እንዲሁ እንደሚቀንስ አይዘነጋ።

የዓሣ አጥማጆችና የታንኳ ቀዛፊዎች ልምድ መረጃ ይሆናል?

ይሆናል፤ በምን ላይ እንደሚጠየቁ ካወቅን። «ንፋሱ ስንት ነበር?» ቢባሉ ያገኘነው መልስ አይጠቅምም። ከየት በኩል፣ በየትኛው ወር፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ያህል ቆየ፣ ውሃው የትኛውን ድንጋይ አለፈ ሲባሉ ግን ከማንኛውም መሣሪያ የረዘመ ትዝታ አላቸው። አባቶች በሕይወት ዘመናቸው የሚያስታውሱት አንድ ታላቅ ማዕበል በስሌቱ ውስጥ «በ60 ዓመት ውስጥ ከዚህ ወለል ያለፈ አንድ ጊዜ» ተብሎ ሊገባ ይችላል፤ ዘዴውም የታወቀ ነው። ወለሉ እንዲታወቅ አንድ የሚለካ ምልክት ያስፈልጋል፤ ውሃ የደረሰበት ግድግዳ ወይም የተነቀለ ዛፍ ይበቃል።

ሞገዱ ትንሽ ከሆነ ስለ ሞገድ መጨነቅ ለምን?

ምክንያቱም ትንሹ ሞገድ አጭር ነው። በውቅያኖስ ከባድ ሞገድ በየ10 ሴኮንድ ወይም ከዚያ በላይ ይመጣል። በጣና የከሰዓት በኋላው ሞገድ በስሌት በየ3 ወይም 4 ሴኮንድ ይመታል። በአንድ ምሰሶ ላይ የቆመ ትልቅ ተርባይን ሲነካ በተፈጥሮው የሚወዛወዝበት ጊዜም ከ3 እስከ 5 ሴኮንድ ነው። ሁለቱ ሲገጥሙ እያንዳንዱ ምት የቀደመውን ያጎላዋል። ማማው በአንድ ቀን አይወድቅም፤ ብየዳው ግን በየቀኑ ከሰዓት በኋላ በሺህ የሚቆጠር ትንሽ ምት ይቀበላል፤ ለ25 ዓመት። ስለዚህ ለእንዲህ ያለ ሐይቅ የ50 ዓመቱን ሞገድ ከማግኘት ይልቅ የዕለት ተዕለቱን ሞገድ ድግግሞሽ በትክክል መለካት ሊበልጥ ይችላል። ከሰሜን ባሕር የተገለበጠ መሠረት ጣና ላይ ቢተከል የሚቸገረው በዚህ ነው ብዬ አስባለሁ፤ ለከባዱ ሞገድ ከሚገባው በላይ ጠንክሮ፣ ለትንሹ ግን ሳይዘጋጅ።

እንቦጩስ?

የሚያስቅ ጥያቄ አይደለም። በባሕር ላይ በምሰሶ ዙሪያ የሚበቅል አረምና ቀንድ አውጣ ውፍረቱን ስለሚጨምር በስሌት ይገባል። እዚህ ደግሞ ንፋስ የሚነዳው የእንቦጭ ምንጣፍ ምሰሶውን ተደግፎ ሊከማች ይችላል፤ ውሃና ንፋስ የሚገፉትን ስፋት ያሰፋል። በመስፈርቱ አልተጻፈም፤ ነዳፊው ራሱ መጨመር አለበት።

አንድ ምሰሶ ለመትከል ብቻ ገንዘብ ቢኖር ከየት ይጀመር?

ከባሕረ ሰላጤው ወጥቶ፣ በዘጌ ካልተከለለ ቦታ፣ ቢያንስ በሦስት ከፍታ የንፋስ መለኪያ ይቀመጥ። የአየር ግፊትና ሙቀት በየደቂቃው ይመዝገብ፤ ሙቀቱ በድንገት ወርዶ ግፊቱ ከዘለለ ያ ንፋስ ከነጎድጓድ ነው፤ ሁለቱን ንፋሶች ለመለየት ከዚህ የቀለለ መንገድ የለም። ከሥሩ የውሃ ግፊት መለኪያ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ሞገዱንና የሐይቁን ከፍታ አብሮ ይለካል፤ ዋጋውም ከላይ ካሉት ይረክሳል። አሥር ደቂቃ አማካይ ብቻ አስቀምጦ ጥሬውን መሰረዝ የተለመደ ስስት ነው፤ ቢያንስ በማዕበሉ ሰዓት የነበረው የየሴኮንዱ ንባብ ይቀመጥ። የመብረቅ መከላከያው መሬት ሽቦም ከመለኪያው በፊት ይዘርጋ፤ የምንፈልገው ማዕበል የመጣ ሌሊት መሣሪያው ተቃጥሎ ቢያድር መረጃው አብሮ ይጠፋል።